ላይብረሪያኑ ሳጥኑን አምጥቶ ጥግ ይቁም ወይስ ያስተምር?

ላይብረሪያን በቆዩ ሰነዶች ተማሪ ማስተማርን ይሠልጥን ወይ የሚለው የመነሻው ጥያቄ የኔ ነው። እዚህ መድረክ ላይ የከፈትኩት የውይይት ክር ስለረዘመ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ የተባለውን ሳያዩ ያንኑ ደግመው እየጠየቁ ነው። ስለዚህ ከጥያቄው ልጀምርና መልሶቹን በየቁጥራቸው ልንገራችሁ።

የምሠራው በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ብራናና የቆዩ ሰነዶች በሚቀመጡበት ልዩ ክምችት ክፍል ነው። መነሻ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነበር። ለኛ የሚሰጠን ሥልጠና ካታሎግ ማድረግ፣ ስካን ማድረግና ሰነድን ከእርጥበትና ከምስጥ መጠበቅ ላይ ያበቃል። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ግን አንድ የታሪክ መምህር ሠላሳ ተማሪ አስከትሎ ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለብን ማንም አላሳየንም። የሰነዱን ሳጥን እናመጣለን፣ እንዳይነኩ እንነግራቸዋለን፣ ጥግ ይዘን እንቆማለን። ተማሪው ብራና አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ ወጣ። ምን ይዞ ወጣ? እኔ እስከማየው ድረስ ከፎቶው በቀር ምንም።

ሀብቱ ደግሞ የለም አይባልም። ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ዩኔስኮ በዓለም ትዝታ መዝገብ ያሰፈራቸውን ሰነዶች የያዘው። በየክልሉም ትንንሽ ክምችት አለ፤ ደብዳቤ፣ የቆየ ጋዜጣ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ፎቶ። የታሪክ መጽሐፍ ስለነዚህ የሚያወራ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ የሚባሉት ራሳቸው ናቸው። አቋሜን አልደበቅኩም። ላይብረሪያን በነዚህ ማስተማርን እንደ ሙያው አንድ ክፍል መሠልጠን አለበት አልኩ። ወረቀቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሰጠው፣ የቱ ገጽ እንደጎደለ የሚያውቀው እሱ ነውና። ሥልጠናው ምን ይምሰል ብዬም ጠየቅኩ።

መልስ 1 ጡረታ ከወጡ አባት ነው፣ በጣም በትሕትና የተጻፈ። ሐሳቡን ወደውታል። በወጣትነታቸው ወመዘክር ሲመላለሱ የፈለጉትን ብቻ ሳይሆን ያላሰቡትን ጭምር ከመደርደሪያ አውጥቶ አጠገባቸው የሚያስቀምጥ ሠራተኛ እንደነበር ጻፉ። ያ ሰው ሥልጠና አልነበረውም፣ ሥራውን ይወድ ነበር እንጂ። ስለዚህ የቀደሙትን አትናቁ የሚል ምክር አከሉ። ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን የአንድ ሰው ፍቅር ከሰውየው ጋር ጡረታ ይወጣል። የኔ ጥያቄ ከሱ በኋላ የሚመጣው ልጅ ከማን ይማር የሚል ነው። መልስ 2 መስማማቱን ብቻ ገልጾ አለፈ።

መልስ 3 ላይ ሙቀቱ ጨመረ። ጸሐፊው የታሪክ መምህር ነው። ማስተማር የመምህር ሥራ መሆኑን፣ ላይብረሪያን በመዋቅሩ የአስተዳደር ሠራተኛ እንጂ አካዳሚክ አለመሆኑን፣ ያስተማረበት ሰዓት እንደማይቆጠርለትና ውጤት እንደማይሰጥ ዘረዘረ። ተማሪው ከማን ምን እንደሚጠበቅ ግራ ይገባዋል ነው የሚለው። የመዋቅሩ ነገር እውነት ነው፣ መፍትሔም ይፈልጋል።

መልስ 4 ባሕር ዳር ያለች ላይብረሪያን ናት፣ ለመልስ 3 ሳታለሳልስ ነው የመለሰችው። መምህራን ሳይደውሉ፣ በዚያው ጠዋት ተማሪ እየነዱ እንደሚመጡና የቆየ ነገር አሳዪን እንደሚሏት ጻፈች። የቆየ ነገር! የትኛው ዘመን፣ ለየትኛው ምዕራፍ፣ ተማሪዎቹ ምን ተምረው እንደመጡ ምንም ሳይነገራት። የመምህሩን ቦታ እንደማትፈልግ አስረግጣ ተናገረች። የምትፈልገው መምህሩ ሳምንት ቀድሞ መጥቶ አብረው አራት ሰነድ እንዲመርጡ፣ የክፍለ ጊዜውን ጥያቄ አብረው እንዲያወጡና በዕለቱ ሁለቱም ተማሪው መሃል እንዲዘዋወሩ ነው። አራት ሰነድ ማለቷን ልብ በሉ። ጠረጴዛ ሙሉ ሳጥን መደርደር ኤግዚቢሽን እንጂ ትምህርት አይሆንም። እኔ ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት መልስ ይህ ነው፣ ከመልስ 3 ጋርም የሚያጣላ አይመስለኝም። ሰውየው ግን አልተመለሰም።

መልስ 5 ዋሽንግተን አካባቢ ባለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ወንድማችን ነው። ረጅም ነው፣ ፍሬ ነገሩን ላውጣ። የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በመጀመሪያ ደረጃ ምንጮች ለማስተማር ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያካሂደው ፕሮግራም አለ። ተማሪው ሰነዱን እንዲያስተውል፣ እንዲያሰላስልና እንዲጠይቅ የሚመራ ባለ ሦስት ዓምድ ወረቀት አላቸው። በ2018 ደግሞ የአርካይቭ ባለሙያዎቹና የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቹ ማኅበራት ተማሪ ከዚህ ዓይነት ምንጭ ጋር ሲሠራ ምን ምን መቻል እንዳለበት የሚዘረዝር የጋራ መመሪያ አወጡ። ሰነዱን ማግኘት፣ ማንበብ፣ መመርመር፣ በሥራው ውስጥ በአግባቡ መጠቀም፣ ሁሉም አለበት።

ሥልጠናው እንዴት እንደሚሰጥ የነገረን ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ጠቀመኝ። እሱ በተካፈለበት ሥልጠና መጀመሪያ ላይብረሪያኖቹ ራሳቸው ተማሪ ይሆናሉ። መግለጫ የሌለው አንድ ወረቀት ይሰጣቸውና ምንም ሳይነገራቸው አሥር ደቂቃ ይተዋሉ። ካታሎግ መዝገብ የለም፣ አስረጂ የለም። ያን ጊዜ ተማሪው ምን እንደሚሰማው ይገባቸዋል። ቀጥሎ ከራሳቸው ክምችት አንድ ሰነድ መርጠው የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ያወጣሉ፣ ለባልደረቦቻቸው ያስተምራሉ፣ ይተቻሉ። ብዙዎቹ የሚተቹት ብዙ በማውራታቸው ነው። የሚያውቁትን ሁሉ መናገር ያምራቸዋል፣ ተማሪው እንዲያይ ጊዜ አይሰጡትም።

መልስ 6 በመልስ 5 ተቆጣ። ከውጭ ወረቀት ማምጣት ለምን አስፈለገ፣ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከዘመናት በፊት ጀምሮ ጽሑፍን ቃል በቃል እየመረመሩ ያስተምሩ ነበር፣ አንድምታው ራሱ አንድን ዐረፍተ ነገር ከብዙ አቅጣጫ የማየት ትምህርት ነው ይላል። መልስ 7 በጨዋነት አረመው። እሱ ራሱ በአብነት ያለፈ ነው። አንድምታ ከአባቶች የተቀበሉትን ትርጓሜ ጠብቆ ማስተላለፍ እንጂ ይህን ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው፣ ምን ደበቀ ብሎ ምንጩን መጠየቅ እንዳልሆነ አስረዳ። ዓላማው ሌላ ነው። ግን አንዲት መስመር ላይ ረጅም ሰዓት መቆየትን የለመደ ተማሪ ለሰነድ ንባብ ግማሹን መንገድ ሄዷል አለ። ከመልስ 7 ጋር ነኝ። ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ማንም ማስመር ይችላል፣ የማንም ንብረት አይደለም። አንዲት መስመር ላይ መቆየት ግን መለመድ አለበት።

ከመልስ 8 እስከ 11 ስለ ጓንት ነው። አንዱ ተማሪ ሰነድ ይንካ ማለት ማጥፋት ነው፣ ካስፈለገም ነጭ የጨርቅ ጓንት ግዴታ ነው ብሎ ደመደመ። መልስ 9 የጥበቃ ባለሙያ ናት፣ አጭርና ሹል መልስ ሰጠች። ለወረቀትና ለብራና የጨርቅ ጓንት አይመከርም። ጣት ስለሚያደነዝዝ ገጽ ይቀደዳል፣ የጓንቱ ክርም የተሰነጠቀ ጠርዝ ላይ ይያዛል። የብሪቲሽ ላይብረሪን ጨምሮ ትልልቆቹ ቤቶች የሚመክሩት ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ነው። ጓንት የሚደረገው ለፎቶግራፍና ለብረት ነገር ነው። መልስ 8 ተመልሶ ሙያህን አታውቅም በሚል ቃና ተከራከረ፣ ሴት መሆኗን እንኳ አላስተዋለም። መልስ 11 ሁለቱንም አረጋግቶ ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ሥልጠናው የአያያዝ ትምህርትን ከማስተማሪያው ጋር አብሮ መስጠት አለበት ነው ያለው። መጽሐፉ ከግራና ከቀኝ በስፖንጅ ተደግፎ እንዲከፈት፣ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ ጠረጴዛው አጠገብ እንዳይደርስ፣ ቡናና ውኃ ውጭ እንዲቀር። ይህን ለተማሪ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል። ተማሪ ሲታመን እንደሚጠነቀቅ ጨመረ፣ እኔም ይህን አይቻለሁ።

መልስ 12 ስለ ቀን መቁጠሪያ ነው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ለተማሪዎች ሲያቀርብ አንዷ ልጅ የንግሥት ዘውዲቱን የዘውድ በዓል ዜና ስትፈልግ ቆየች። በዓሉ በ1917 እንደሆነ አንብባለችና። ያ ግን የፈረንጆቹ 1917 ነው፣ በኛ 1909። ጋዜጣው ሲወጣ ንግሥቲቱ ከነገሡ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሌላው ልጅ ደግሞ ስለ ሩሲያ አብዮት አንድም ቃል አለመኖሩ ሳንሱር ነው ብሎ ሙሉ ድርሰት ጻፈ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ገና ሰነዱ ሳይነበብ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ማስጻፍ ጀመረ። ላይብረሪያን በሥልጠና ማግኘት ያለበት እንዲህ ዓይነቱን ነው። ስለ መረጃ አያያዝ ከሚሰጥ የግማሽ ቀን ስላይድ ይህች አንዲት ልምድ ትበልጣለች።

መልስ 13 ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊዋ የብራና መጻሕፍት ጋር ትሠራለች፣ አንድ ክፍለ ጊዜዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችልን። ለተማሪዎቹ የቀረበው አንድ ዳዊት ነው። ስለ ይዘቱ ምንም አልነገረቻቸውም። መጀመሪያ የገጹን ጠርዝ እንዲያዩ አደረገች። በወስፌ የተወጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመስመር ወርደዋል፣ ጸሐፊው መስመሩን ያሰመረባቸው ናቸው። ከዚያ ገጹን ገልብጠው ሁለቱን ፊት እንዲያወዳድሩ። አንዱ ነጣ ያለ፣ ሌላው ቢጫነት ያለውና የጸጉር ነጠብጣብ የሚታይበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ይህ እንስሳ ነበር እንዴ ብሎ ጮኸ ትላለች። ወረቀት ነው ብሎ ነበር እስከዚያ ድረስ።

ቀጥሎ የጸሎቱ መዝጊያ ላይ፣ የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ አቆመቻቸው። ብራናው እዚያ ሳስቷል። ተፍቋል። የድሮው ስም ጠፍቶ በላዩ ሌላ ስም በወፍራም ብዕርና ጠቆር ባለ ቀለም ተጽፏል። ተማሪዎቹ ጥያቄ ማውጣት ጀመሩ። ተሸጦ ነው? ተወርሶ ነው? ተሰርቆ ነው? የመጀመሪያው ሰው ማን ነበር? ማንም መልስ አልነበረውም፣ እሷም ጭምር። ክፍሉ የተጠናቀቀው ከመልሱ ይልቅ መልሱን ለማግኘት ሌላ ምን ሰነድ ያስፈልገን ነበር በሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ ከወንበሬ የተነሳሁት። እንዲህ የሚያስተምር ሰው ከየትም አይወድቅም። ተለማምዶ ነው የሚደርስበት።

መልስ 14 ለዚህ ጥሩ ማሟያ ጨመረ። አሁን የሚመረቁት ልጆች ዳታቤዝ ያውቃሉ፣ ግዕዝ ግን አያነቡም፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሕፈት ያስቸግራቸዋል። በየከተማው ያሉ መሪጌታዎች በሥልጠናው ይግቡ ነው ሐሳቡ፣ በአስረጂነት ሳይሆን ከላይብረሪያኑ ጋር በጥንድ እንዲያስተምሩ። መልስ 15 ደግሞ የብራና መጽሐፍ ለሌላቸው ቤቶች መንገድ ጠቆመ። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የተቀረጹት ሺዎች የኢትዮጵያ ብራናዎች ምስላቸው ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት በኩል በኢንተርኔት ይታያል፣ መመዝገብ ብቻ ነው፣ ክፍያ የለውም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግም አለ። ምስል የብራናውን ጠርዝ አያስነካም፣ የተፋቀውን ስም ግን አጉልቶ ያሳያል።

መልስ 16፣ 17 እና 18 ወደ መቅደላ ሄዱ። በ1868 እ.ኤ.አ. ስለተወሰዱትና ዛሬ ወደ 350 የሚሆኑት በብሪቲሽ ላይብረሪ ስላሉት ብራናዎች። ይመለሱ፣ አይመለሱም፣ ቢመለሱ የት ይቀመጡ። ስድብም ነበረበት፣ አወያዩ ሁለት አጥፍቷል። ጉዳዩ ከባድ ነው፣ እኔም ይመለሱ ባይ ነኝ፣ ለብቻው ክር ይገባዋል። እዚህ ግን እጃችን ላይ ባለው እያስተማርን አይደለም ነው ነገሩ።

መልስ 19 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ደሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ነው። ልዩ ክምችት የሚባል የለውም። ያደረገው ነገር ግን ገረመኝ። የሰፈሩን ዕድር አስፈቅዶ የድሮ መዝገብ አምጥቶ ተማሪዎቹን አስነበበ። በየትኛው ዓመት መዋጮው ጨመረ? በየትኛው ዓመት ለቅሶ በዛ? ድንኳን፣ ወንበር፣ ብርጭቆ መቼ ተገዛ? ልጆቹ በራሳቸው ሰፈር ታሪክ ላይ ሲከራከሩ መዋላቸውን ጻፈ።

መልስ 20 ወዲያው ተነሳበት፣ በቁጣ። መዋጮ ያልከፈለ፣ የተቀጣ፣ ከዕድር የተባረረ ሰው ስም እዚያ መዝገብ ላይ አለ፣ የልጅ ልጁም እዚያ ክፍል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የዕድሩ ዳኛ ፈቀደ ማለት የሟች ቤተሰብ ፈቀደ ማለት አይደለም። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ነጥቡ ግን መቶ በመቶ ትክክል ነው። የደሴው ሰው አልተቀየመም። በመልስ 21 ስሞቹን ሸፍኖ ኮፒ ማድረግ እንደሚጀምርና ወደፊት የወጪውን ገጽ ብቻ እንደሚጠቀም ጻፈ። ይህ ራሱ የሥልጠናው አንድ ክፍል መሆን አለበት። ምን እናሳያለን ከሚለው እኩል ምን አናሳይም የሚለው።

መልስ 22 ፍርሃቱን በግልጽ ነው ያስቀመጠው። የደርግ ዘመን ሰነድ፣ የመሬት ወረቀት፣ የአንድ መስፍን ደብዳቤ ክፍል ውስጥ ሲወጣ ተማሪው በብሔርና በቤተሰብ ቁስል ተከፋፍሎ ይጣላል፣ ላይብረሪያኑ መሃል ይገባል፣ ነገ አለቃው ይጠራዋል። ፍርሃቱ የኔም ነው። የሰጠሁት መልስ 23 ይኸው። ክርክሩን መዳኘት የላይብረሪያኑ ሥራ አይደለም። የሱ ሥራ ሁሉንም ወደ ወረቀቱ መመለስ ነው። ማን ጻፈው? ለማን? መቼ? ያን ቀን ምን ያውቅ ነበር፣ ምን አያውቅም?

ለምሳሌ አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ታትሞ በቀላሉ ይገኛል። ሁላችንም መቅደላን ስለምናውቅ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው የምናነበው። ሲጻፍ ግን መቅደላ የለም። የታሰረ ቆንስል የለም። መልእክተኞቼ ባሕሩን በሰላም እንዲያልፉ ይደረግልኝ የሚል፣ ወዳጅነት የሚፈልግ ንጉሥ ነው ያለው። ተማሪውን እዚያ ቀን ላይ ማቆየት ከተቻለ ንጉሡን ማን ይወዳል ማን ይጠላል የሚለው ጭቅጭቅ ይበርዳል፣ ለምን መልስ አልተሰጠም የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለላይብረሪያኖች የመጀመሪያ መለማመጃ እንዲሆን ያቀረብኩት ይህን ደብዳቤ ነው።

ሥልጠናውን በተመለከተ እዚያው ያስቀመጥኩት ሐሳብ እስካሁን አልተቀየረም። ሁለት ቀን ይበቃል። አዳራሽ አያስፈልግም፣ ሰነዱ ያለበት ክፍል ይሁን። እያንዳንዱ ላይብረሪያን አንድ መምህር ይዞ ይምጣ፣ ብቻውን አይምጣ። በመጀመሪያው ቀን ተማሪ ይሁኑ። በሁለተኛው ቀን እውነተኛ ተማሪዎች ይግቡና ያስተምሩ፣ ሌሎቻችን ዝም ብለን እንይ። ሰርተፊኬቱ ከሦስት ወር በኋላ ይሰጥ፣ በራሱ ቤት አንድ ክፍለ ጊዜ ላስተማረና ዕቅዱን ለሌሎች ላካፈለ።

መልስ 24 የአበሉ ነገር እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልስ 25 የባሕር ዳሯ እህት ናት፣ የክፍለ ጊዜ ዕቅዷን ለመስጠት ፈቃደኛ ሆናለች። መልስ 26 አንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ላይብረሪያን ባይሆንም መምጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ይችላል፣ እንዲያውም ቢመጣ ደስ ይለኛል። ከመስከረም በፊት ሰነድም ወንበርም ያለው ክፍል ሊሰጠን የሚችል ቤት ካለ መልስ 27 ላይ ይጻፍልኝ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።